ላልተበላ በቆሎ ማን ይመስክር?

ማሽላ ጠብቆ ያደገ ሰው ማማን ያውቃል። አራት ባላ፣ ከላዩ ርብራብ፣ ርብራቡ ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ። ልጁ ዓይኑን ከገደሉ አይነቅልም፤ ዝንጀሮው የሚወጣው በዚያ ነውና። በሰሜን አሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ጫካው ከእርሻው በሚዋሰንበት ዳርም እንዲሁ ማማ አለ። ዛፍ ተደግፎ የቆመ፣ መሰላል ያለው፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ። በኅዳር፣ በቆሎው ተሰብስቦ የአገዳው ጉቶ ብቻ ውርጭ ለብሶ ሲቀር፣ ደማቅ ብርቱካንማ ሰደርያ ያጠለቀ ሰው ጎሕ ሳይቀድ ይወጣበታል። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ትንፋሹ እንኳ እንዳይሰማ ተጠንቅቆ ይቀመጣል። ይህኛው ግን እህል አይጠብቅም። የሚጠብቀው እህሉን ሊበላ የሚመጣውን አጋዘን ነው።

«ጠበቀ» የሚለው ግሣችን ሁለት ሥራ ይሠራል። ከጥፋት መከላከልም ጠበቀ ነው፤ የሚመጣን ነገር በተስፋ መቆየትም ጠበቀ ነው። ገበሬው በቆሎውን ከአጋዘን ይጠብቃል። አዳኙ አጋዘኑን ከበቆሎው ዳር ይጠብቃል። አንዱ እንዳይመጣ፣ ሌላው እንዲመጣ። በዚያ አገር ስለ ተኩላ የሚደረገውን ክርክር ባነበብሁ ቁጥር ወደዚህ ግሥ እመለሳለሁ። ጸቡ ሲታይ የተኩላ ጸብ ይመስላል። እኔ ግን ተኩላው ከመምጣቱ በፊት የነበረ ጸብ ነው እላለሁ፤ አጋዘኑ የማን ነው የሚል።

ስለ ስሞቹ ትንሽ ልበል። የኛ አገር አጋዘን ቀንዱ ጥምዝ ነው፤ እስኪሞት ከራሱ ላይ አይወርድም። የዊስኮንሲኑ ወንድ አጋዘን ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በየዓመቱ ወልቆ እንደገና ይበቅላል። ሲደነግጥ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ነጭ እያሳየ ይሸሻል፤ በእንግሊዝኛ ስሙ የወጣለትም ከዚህ ነው። ተኩላንስ? ብዙዎቻችን ያወቅነው ከጫካ ሳይሆን ከወንጌል ነው፣ የበግ ለምድ ለብሶ። የደጋችን ቀይ ቀበሮ የተኩላ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ሳይንስ ቢነግረንም፣ አይጥና ፍልፈል እያደነ የሚኖር እንስሳ ስለሆነ በዚያ ዓይን አናየውም። እናም አማርኛ ተናጋሪ «ተኩላ» ሲባል በሐሳቡ ቀድሞ የሚመጣው አታላይ ሰው ነው። ይህን ሸክም ከትከሻችን ካላወረድን ገበሬውና አዳኙ የሚሉትን መስማት አንችልም።

ዊስኮንሲን በ1865 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ተኩላ ለገደለ ሰው በራስ 5 ዶላር የሚከፍል ሕግ አወጣ። ወሮታው የተሻረው በ1957 ነው። በ1960 ገደማ በግዛቱ አንድም ተኩላ እንዳልቀረ ታመነ። ቀጥሎ በ1973 የፌዴራሉ መንግሥት ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን የሚጠብቅ ሕግ ደነገገ። ብዙ ሳይቆይ ከጎረቤት ግዛት ከሚኒሶታ ተኩላዎች መግባት ጀመሩ። ማንም በመኪና ጭኖ አላመጣቸውም፤ በእግራቸው መጡ። ዛሬ አንድ ሺህ ገደማ ናቸው።

እነሱ በሌሉባቸው ዓመታት የሆነው ነገር ለዚህ ሐተታ ከሁሉ ይበልጣል። አጋዘኑ በዛ። አሁን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ እንደሆነ ይገመታል። በቆሎውን፣ አኩሪ አተሩን፣ ለወተት ላሞች የተዘራውን አልፋልፋ ይበላል፤ በጫካው ውስጥ የጥድና የመሳሰሉትን ዛፎች ችግኝ ገና ክንድ ሳይሞላ ይቀጥፋል። በዚያው ዘመን ደግሞ ተኩላን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የአዳኝ ትውልድ አደገ። ሰው በልጅነቱ ያየውን ብዛት የተፈጥሮ ልክ አድርጎ ይይዛል። አባቱ ያሳየው ጫካ፣ በአንድ ማለዳ አሥር አጋዘን የሚያልፍበት ጫካ፣ ለእሱ ከፍጥረት ጀምሮ የነበረ ጫካ ነው። ከዚያ የጎደለ ሁሉ ስርቆት ይሆንበታል። ይህን የምለው አዳኙን ለመክሰስ አይደለም። እኛም የምናዝንለት የወንዝ ሙላትና የዝናብ ጊዜ ራሳችን ልጅ ሆነን ያየነው ነው።

አዳኙን በንቀት የሚያይ ሰው ነገሩን አይረዳውም። በኅዳር መገባደጃ ዘጠኝ የጠመንጃ አደን ቀናት አሉ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈቃድ አውጥቶ ጫካ ይገባል። አያት፣ አባትና ልጅ በአንድ ጎጆ ያድራሉ፤ ጠመንጃው ከእጅ ወደ እጅ የወረደ ነው፤ ሥጋው የክረምት ቀለብ ነው። ግዳይ የጣለን ሰው በፉከራና በዘፈን ሲቀበል የኖረ ሕዝብ ልጆች ስለሆንን ይህ ክብር ሊገባን ይገባል። ጫካ ገብቶ መውጣት፣ ከእንስሳው ጋር በትዕግሥት መፋጠጥ፣ በመጨረሻም ነፍስ ማጥፋትና ያንን ሥጋ ለቤተሰብ ማካፈል፣ ሰውን ከመሬት ጋር የሚያስተሳስር ጥንታዊ ነገር ነው።

ለዚህ አዳኝ ሊቃውንቱ ሒሳብ ያቀርቡለታል። አንድ ተኩላ በዓመት ወደ 20 አጋዘን ይበላል፤ አንድ ሺህ ተኩላ ወደ 20 ሺህ። አዳኞች ግን በዓመት ሦስት መቶ ሺህ ገደማ ይጥላሉ። ታዲያ ማን ነው የጨረሰው? ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ግን አያጽናናም። ማንም በግዛት ላይ አያድንም፤ ሰው የሚያድነው በአንዲት ማማ ላይ ተቀምጦ ነው። ተኩላው ደግሞ በግዛቱ ሁሉ እኩል አልተበተነም፤ የሚበዛው በሰሜኑ ጫካ ነው፣ ክረምቱ ራሱ አጋዘን በሚፈጅበት። አንድ መንጋ በአንድ ሸለቆ ካለፈ አጋዘኑ ባያልቅ እንኳ ጠባዩን ይለውጣል። በልማዱ መንገድ አይመጣም፤ ሜዳ ላይ አይዘገይም። ማማው ላይ ያለው ሰው ዘጠኙን ቀን ባዶ ሜዳ ሲያይ ይሰነብታል። ለዚህ ሰው ስለ ሦስት መቶ ሺህ መንገር፣ ማሳው በበረዶ ለተመታ ገበሬ ዘንድሮ በአገር ደረጃ ምርት ደኅና ነው እንደ ማለት ነው።

ወደ ገበሬው ስመጣ ነገሩ ይጠጥራል። «ገበሬ» የሚለው አንድ ስም ሁለት ሰው ይዟልና፤ አንዳንዴም ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቆዳ ውስጥ ናቸው። እህል የሚዘራው ገበሬ ጠላቱ አጋዘን ነው፤ ለእሱ ተኩላ ያለ ደመወዝ የሚሠራ የማሳ ጠባቂ ነው። ከብት የሚያረባው ገበሬ ግን ጠዋት ግጦሹ ዳር የተበላ ጥጃ ያገኛል። የመንግሥት ባለሙያ ይመጣል፤ ዱካውን፣ የንክሻውን ስፍራ፣ ደሙን ይመረምራል፤ ተኩላ መሆኑ ከተረጋገጠ ካሣ ይከፈላል። ያልተገኘ ጥጃስ? በፍርሃት ግጦሽ የምትሸሽ ላምስ? እነዚህ ለምርመራ አይመቹም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ አሠራር አለ። አጋዘን የበላው በቆሎም በዊስኮንሲን ካሣ አለው፤ ገንዘቡ የሚመጣው አዳኞች ለፈቃድ ከሚከፍሉት ነው። እንግዲህ አዳኙ የሚጠብቀውን አጋዘን የሚቀልበው ገበሬው ነው፤ የቀለቡን ከፊል ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ አዳኙ ነው። ሕጉ አጋዘኑ የማንም አይደለም፣ የሕዝብ ሁሉ ነው፣ መንግሥት በአደራ ይዞታል ይላል። በልብ ግን ያበላ ሰው የኔ ነው ይላል፤ ዋጋ የከፈለም የኔ ነው ይላል። ተኩላው ሳይዘራና ሳይከፍል ማዕዱ ላይ ሲቀርብ የሁለቱም ቁጣ በእሱ ላይ ይገናኛል።

ወደ ማማው ልጅ ልመለስ። በኛ ደጋና ቆላ መጋጠሚያ ነብር ፍየል ይወስዳል። ያው ነብር ዝንጀሮም ይበላል። ማሽላ ጠባቂው ልጅ በእርግጥ ከነብሩ ጋር በአንድ ወገን ነው፤ ዝንጀሮው ገደሉን ለቆ ለመውጣት የሚያመነታበት አንዱ ምክንያት ነብር ነውና። ነገር ግን ነብርን ሲያመሰግን የሰማሁት ማሽላ ጠባቂ የለም። የተወሰደችው ፍየል ቀለሟ ይታወቃል፣ እናቷ ትታወቃለች፣ ስትጮህ ተሰምታለች፣ የተጎተተችበት መንገድ ላይ ደሟ አለ። ያልተነቀለው የማሽላ ራስ ግን ከጎኑ ካለው ራስ በምን ይለያል? ሁሉም ያው ቆመዋል። ይህኛው የነብር ስጦታ ነው ብሎ ማንም ሊያሳይ አይችልም። የደረሰ ጉዳት አካል አለው፤ ሳይደርስ የቀረ ጉዳት አካል የለውም። ሬሳ ይመሰክራል፤ በሕይወት የቀረ ነገር መትረፉን እንኳ አያውቅም።

በ2021 ሦስት ተመራማሪዎች ይህንን አካል የሌለውን ነገር ለመቁጠር ሞከሩ። በዊስኮንሲን በዓመት ወደ 20 ሺህ የሚደርስ የመኪናና የአጋዘን ግጭት ይመዘገባል፤ ሰውም ይሞትበታል። ተኩላ የገባባቸውን ወረዳዎች ከመግባቱ በፊትና በኋላ አነጻጸሩ። ግጭቱ በ24 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኙት። ምክንያቱ በአብዛኛው ተኩላው አጋዘን ስለበላ ሳይሆን ስላስፈራራ ነው፤ ተኩላ በመንገድና በጥርጊያ ዳር መሄድ ይወዳል፣ አጋዘኑም ከዚያ ይርቃል። በገንዘብ ሲሰላ ትርፉ ለተገደሉ ከብቶች ከሚወጣው ወጪ ከ60 እጥፍ በላይ ሆነ። ይህን ስትሰማ፣ በአንድ ሌሊት በዚያ መንገድ ነድቶ ቤቱ የገባውን ሰው አስበው። ሊገጨው የነበረ አጋዘን እንዳልመጣ አያውቅም። ለማንም ምስጋና የለበትም። እራቱን በልቶ ይተኛል። ጥጃው የሞተበት ገበሬ ግን በዚያው ሌሊት አይተኛም።

ስለዚህ ስልሳ እጥፍ የሚለውን ቁጥር ለከብት አርቢው ይዞ መሄድ ትክክል አይመስለኝም። ትርፉ በመቶ ሺህ ሰው ላይ እንደ ጤዛ ተበትኗል፤ ኪሳራው በጥቂት ደጆች ላይ እንደ ድንጋይ ወድቋል። ጤዛውንና ድንጋዩን በአንድ ሚዛን መዝኖ «ጤዛው ይከብዳል» ማለት ይቻላል፤ ድንጋይ ለወደቀበት ሰው ግን መልስ አይሆንም። እህል ዘሪው ገበሬ ስለ ተኩላ ጥቅም ድምፁ እምብዛም የማይሰማውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። የጎረቤቱ ጥጃ ተበልቶ ሳለ በቆሎዬ ተረፈልኝ ብሎ አይናገርም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ትርፍ አይወራም። ይህ ዝምታ መልካም ጉርብትና ነው፤ ግን በክርክሩ መካከል ተኩላን ያለ ጠበቃ ያስቀረዋል።

ገበሬ ይህን ዝምታ ሰብሮ የተናገረበት አገር አለ፤ ጃፓን። ከቶኪዮ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በቺቺቡ ተራሮች፣ ሚትሱሚኔ የሚባል የሺንቶ መቅደስ ይገኛል። በደጁ ላይ የቆሙት የድንጋይ ጠባቂዎች እንደ ሌሎች መቅደሶች አንበሳ መሳይ ውሾች አይደሉም፣ ተኩላዎች ናቸው። የተራራ መንደር ገበሬዎች አጋዘንና ከርከሮ እህላቸውን እያወደመባቸው ስለኖሩ፣ እነዚህን የሚበላውን እንስሳ የተራራው አምላክ መልእክተኛ አድርገው ያዩት ነበር። የተኩላ ምስል የታተመበት ክታብ ከመቅደሱ እየወሰዱ በቤታቸውና በማሳቸው ያኖሩ ነበር፤ አውሬን ብቻ ሳይሆን እሳትንና ሌባንም እንዲጠብቅላቸው። ላልተበላው እህል ምስክር አቆሙለት ማለት ነው። ወረቀት ላይ አተሙት፣ ከድንጋይ ጠረቡት። አካል ለሌለው ውለታ አካል ሰጡት።

ነገሩ ፍቅር ብቻ ነበር አልልም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእብድ ውሻ በሽታ ጃፓን ገብቶ ተኩላዎችን ሲያሳብድ፣ ሰው መንከስ ሲጀምሩ፣ ገበሬው ራሱ ያሳድዳቸው ጀመር። ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው በሰሜን ደሴት በሆካይዶ ነው። በ1870ዎቹ የጃፓን የሜጂ ዘመን መንግሥት ደሴቲቱን የፈረስና የከብት እርባታ አገር ሊያደርጋት ተነሣ፤ ኤድዊን ደን የሚባል የኦሃዮ ተወላጅም በአማካሪነት ቀጠረ። በዚያው ጊዜ የደሴቲቱ አጋዘን በሰው አደን ተመናምኖ ነበር፤ በ1879 የወረደው ከባድ በረዶ የቀረውን ፈጀው። ምግቡ ያለቀበት ተኩላ ወደ ፈረሶቹ ዞረ። መልሱ ስትሪክኒን በሚባል መርዝ የተነከረ ሥጋ ነበር፤ ቀጥሎም በራስ የሚከፈል ወሮታ። ተኩላውን ከመለኮታዊ ፍጡራን አንዱ አድርገው ያከብሩት የነበሩት የደሴቲቱ ነባር ሕዝቦች አይኑዎች ዓይናቸው እያየ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ የሆካይዶ ተኩላ ጠፋ። በዋናው ደሴት በሆንሹም በእርግጠኝነት የተመዘገበው የመጨረሻው ተኩላ በ1905 በናራ ሬሳው ለአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ የተሸጠው ነው።

አንድ እንስሳ፣ በአንድ አገር፣ በአንድ ሕዝብ ዘንድ፣ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከክታብ ወደ መርዝ ተሸጋገረ። ተኩላው ጠባዩን አልለወጠም፤ ያገኘውን ሰኮና ያለው ነገር ያድናል። የተለወጠው ሰው ያቆመው ሀብት ነው። በጎተራ ሀብት ያለው ሰው ለተኩላ ሰገደ፤ በጋጣ ሀብት ያለው ሰው መርዝ ቀመመለት። ዛሬ በጃፓን ተራሮች አጋዘን በዝቶ የዛፍ ቅርፊት ይልጣል፤ ማሳዎች በሽቦና በመረብ ታጥረዋል። አዳኞቹ አርጅተዋል፣ ወጣቱ ወደ ከተማ ሄዷል። ማማ ላይ የሚወጣም፣ ከጫካ የሚመጣም ጠባቂ የለም። ክታቡ ግን አሁንም ይታተማል።

ዊስኮንሲንም ጠባቂ የሌለው ጫካ ምን እንደሚሆን የተረዳ ሰው ነበራት። አልዶ ሊዮፖልድ በወጣትነቱ በአሪዞና የደን ሠራተኛ ሳለ ተኩላ ተኩሶ ገድሏል፤ ተኩላ ሲያንስ አጋዘን ይበዛል፣ አጋዘን ሲበዛ አዳኝ ይደሰታል ብሎ ያምን ነበር። በኋላ በማዲሰን፣ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በዊስኮንሲን ወንዝ ዳር አፈሩ የተሟጠጠ እርሻ ገዝቶ ከቤተሰቡ ጋር ዛፍ ይተክል ነበር። አዳኝም ባለ መሬትም ነበርና ሁለቱንም ጠባቂነት በራሱ ላይ አየ። በ1943 የግዛቱ የጥበቃ ኮሚሽን አባል ሆኖ፣ ጫካው ከሚሸከመው በላይ አጋዘን ስለበዛ ሴቶቹም ይታደኑ የሚለውን ውሳኔ ደገፈ። በዚያ ዓመት ከ120 ሺህ በላይ አጋዘን ወደቀ። ብዙ አዳኞች ያንን ዘመቻ «የአርባ ሦስቱ ወንጀል» ብለው ጠሩት፤ ስሙም ሳይረሳ ኖረ። ይህ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ ስለ አዳኙ ነው። ቁጣው ተኩላው ጥርስ ስላለው ብቻ አልነበረም። የተኩላውን ሥራ ራሱ እንዲሠራ ሲጠየቅም ያው ቁጣ መጣ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እኔ የት ቆሜያለሁ? ጥጃው ለተበላበት ሰው ካሣው ፈጥኖና ሳያዋርድ ሊደርሰው ይገባል፤ ያልተገኘውንም ጥጃ ጨምሮ። እሱ ለሁላችን ትርፍ ብቻውን እየከፈለ ነው። አዳኙን ግን፣ ባከብረውም፣ አጋዘኑ የኔ ነው ሲል አልከተለውም። ማማ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚጠብቀውን ነገር ገና አልያዘውም። መጠበቅ ባለቤት አያደርግም፤ የሚመጣው በራሱ ፈቃድ ነው፣ ላይመጣም ይችላል። አጋዘን ያለ ጥርጥር የሚመጣበት ጫካ ጫካ መሆኑ ቀርቶ በረት ሆኗል፤ ያኔ አደኑም እርድ ነው።

ከዊስኮንሲን በስተሰሜን ባለው በሱፒሪየር ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች፣ ኦጂብዌዎች፣ ተኩላን ማኢንጋን ይሉታል። በትውፊታቸው የመጀመሪያው ሰው ወንድም ነው። ሁለቱ አብረው ምድርን ዞረው ለፍጥረት ሁሉ ስም ካወጡ በኋላ ተለያዩ፤ በአንዱ የሚደርሰው በሌላውም ይደርሳል ተባለላቸው። ኦጂብዌዎች በ1837 እና በ1842 ውሎች መሬታቸውን ሲለቁ በዚያ መሬት ላይ የማደን መብታቸውን ግን ይዘው ቀሩ፤ ፍርድ ቤትም በ1983 አጸናላቸው።

በጥር 2021 መጀመሪያ ተኩላ ከፌዴራሉ የጥበቃ መዝገብ ወጣ። በየካቲት ግዛቱ አደን ከፈተ። እንዲገደል የተፈቀደው 200 ነበር፤ በውሉ መሠረት 81 ለኦጂብዌ፣ 119 ለሌላው አዳኝ ተመደበ። ኦጂብዌዎች ድርሻቸውን የያዙት ላለመግደል ነው። መሬቱ በረዶ ለብሶ ነበርና ዱካው ይታያል፣ ውሾቹም ይከተላሉ። አደኑ ለአንድ ሳምንት ታስቦ ሦስት ቀን ሳይሞላው ተዘጋ። ሲቆጠር 218 ተኩላ ተገድሏል፤ 119ኙ አልቆ፣ 81ዱ አልቆ፣ 18 በላዩ። የተገደሉት የትና መቼ እንደወደቁ በመዝገብ ሰፍሯል። እንዲኖሩ የተመደቡት 81 የትኞቹ እንደነበሩ ግን የተጻፈበት ወረቀት የለም።